ከኮረብታው የተቆረጠው ዛፍ በሸለቆው የቆመውን እንደ ጣለ

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ከካሊፎርኒያ ተራሮች ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ርዝመቱ 700 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ስፋቱ ግን በብዙው ቦታ ከ50 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ የጫካ መቀነት አለ። በበጋ ወራት ዝናብ ባይኖርም ከባሕሩ የሚነሣው ጭጋግ ወደ ሸለቆዎቹ እየገባ ቅጠሉን ያረጥባል፤ ከቅጠሉም እየተንጠባጠበ ሥሩን ያጠጣል። በምድር ላይ ካሉት ዛፎች ሁሉ በቁመት የሚበልጠው ዛፍ የሚበቅለው በዚህ ጭጋግ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሬድውድ ይሉታል፤ ቀይ እንጨት ማለት ነው። በአማርኛ ቀይ ጥድ ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ የዕፅዋት ሊቃውንት በደጋችን ከሚበቅለው ጥድ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመድቡታልና።

ዘመድነቱ በወገን ነው እንጂ በመጠን አይደለም። ቀይ ጥድ ከ100 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ዕድሜው ከ2,000 ዓመት ያለፈም ተገኝቷል፤ ቅርፊቱ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚወፍር እሳት በቀላሉ አይደፍረውም። እንጨቱ ቶሎ አይበሰብስም፤ ተባይ ብዙ አይነካውም፤ ሲሰነጠቅም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ነጋዴ ከእንጨት የሚፈልገው ጠባይ ሁሉ ስላለው፣ ለቤት ግድግዳ፣ ለጣራ ክዳን፣ ለውሃ ማጠራቀሚያ፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር ለሚጋደመው እንጨት ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። የአገሩ ተወላጆች የሆኑት የዩሮክ ሰዎች ግን ነጋዴው ከመድረሱ አስቀድሞ ታንኳቸውን ከግንዱ እየፈለፈሉ፣ ቤታቸውንም በሳንቃው እየሠሩ ኖረዋል።

በ1848 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ወርቅ በተገኘ ጊዜ የቀይ ጥድ ደን ወደ 800,000 ሔክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፍን ነበር። ወርቅ ፍለጋ የመጣው ሕዝብ መኖሪያ ፈለገ፤ ወርቁን ያጣውም ምሳሩን ይዞ ወደ ጫካ ገባ። በ1850 በሐምቦልት ወሽመጥ ዳር የዩሪካ ከተማ ተቆረቆረች፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የእንጨት መሰንጠቂያዎች በወሽመጡ ዙሪያ ተሰለፉ።

በዚያን ጊዜ አንድ ዛፍ መጣል የቀናት ሥራ ነበር። የግንዱ እግር እጅግ ወፍራም ስለሆነ ሁለት ቆራጮች ከመሬት ከፍ ብለው ግንዱን ይበሱና ሳንቃ ይሰኩበታል፤ በሳንቃው ላይ ቆመውም በአንድ ወገን በምሳር፣ በሌላው ወገን በረጅም መጋዝ ይሠራሉ። ዛፉ ሲወድቅ በገዛ ክብደቱ እንዳይሰባበር፣ በሚያርፍበት ስፍራ አስቀድሞ ቅርንጫፍና አፈር እንደ ፍራሽ ይነጠፍለታል። ከወደቀም በኋላ ቅርፊቱ ተልጦ ግንዱ ይቆራረጥና፣ እንጨት በተጋደመበት መንገድ ላይ ጥማድ በጥማድ በተሰለፉ በሬዎች ይሳባል፤ ግንዱ እንዲንሸራተትም በመንገዱ ላይ ውሃ ይፈስበታል። ይህ ሁሉ ድካም ለጫካው እንደ አጥር ነበረ። በሬ የማይወጣውን ገደል ቆራጭም አይመኘውም፤ ሕግ ያልከለከለውን የበሬ ጉልበት ይከለክለው ነበር።

አጥሩን መጀመሪያ ያፈረሱት ሚስተር ጆን ዶልቢር የተባሉ የዩሪካ የእንጨት ነጋዴ ናቸው። እኒህ ሰው በ1881 በመርከብ ላይ ከባድ ነገር ከሚስበው ማሽን ጋር የሚመሳሰል፣ በቀጥታ የቆመ የእንፋሎት ጋን ያለው፣ ገመድ የሚጠቀልል ሞተር ሠሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት የባለቤትነት መብት ወሰዱበት። ሠራተኞቹ ‹የእንፋሎት አህያ› ብለው ሰየሙት። አህያው ሣር አይፈልግም፤ አይታመምም፤ ቀለቡን ከዚያው ከጫካው እየተቆረጠለት ይሠራል። ገመዱ በብረት ገመድ ሲተካ ጉልበቱ ጨመረ፤ የባቡር ሐዲድ ወደ ሸለቆዎቹ ሲገባ ደግሞ ከጫካ እስከ ወደብ ያለው መንገድ አጠረ። በ1906 ሳንፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት በጠፋች ጊዜ ከተማይቱ እንደ ገና ስትሠራ የሰሜኑ ደን እንጨቱን አቀረበ። ቢሆንም አህያው ራሱ ወሰን ነበረው። ግንዱን የሚስበው ገመዱ እስከሚደርስበት ብቻ ነው፤ ሐዲድ የማይገባበት ሩቅና ገደላማ ሸለቆም ሳይነካ ቆየ።

ወሰኑ ፈጽሞ የጠፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደር ትዳር ይዞ ቤት መሥራት ሲጀምር የጣውላ ዋጋ ወደ ላይ ወጣ፤ በዚያው ጊዜ ሁለት መሣሪያዎች ተገናኙ።

አንደኛው የሰንሰለት መጋዝ ነው። በጀርመን አገር አንድሬያስ ሽቲል የተባለው መሐንዲስ በ1926 በኤሌክትሪክ፣ በ1929 በቤንዚን የሚሠራ መጋዝ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ክብደቱ ሁለት ሰው የሚፈልግ፣ የሰንሰለቱም ጥርስ ቶሎ ቶሎ የሚዶለዱም ነበር። በ1946 በኦሪገን አገር ጆ ኮክስ የተባለ እንጨት ቆራጭ አንድ ጉቶ ሲፈልጥ፣ በውስጡ የጥንዚዛ ትል እንጨቱን በቁመትም በአግድምም ያለ ችግር ሲበላ አየ። ትሉን ወደ ቤቱ ወስዶ መንጋጋው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዴት እንደሚቆርጥ መረመረ፤ በዚያ አምሳል ያበጀው የሰንሰለት ጥርስ ዛሬ በዓለም ላይ ላሉት የሰንሰለት መጋዞች ሁሉ መሠረት ሆኗል። የቀናት ሥራ የነበረው የሰዓታት ሥራ ሆነ።

ሁለተኛው በብረት ሰንሰለት የሚሄደው ትራክተር ነው። በ1904 ቤንጃሚን ሆልት በካሊፎርኒያ በስቶክተን ከተማ፣ ጎማ በሚሰምጥበት ረግረጋማ እርሻ ላይ እንዲሠራ ብሎ ያወጣው መሣሪያ ነው። አካሄዱ አባ ጨጓሬን ስለመሰለ ካተርፒላር ተባለ፤ ትርጉሙም ይኸው አባ ጨጓሬ ነው፤ በአገራችንም የመንገድ ሠራተኛው ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራዋል። ለእርሻ የተፈጠረው አባ ጨጓሬ በፊቱ የብረት ማረሻ ተተክሎለት፣ በሬም አህያም ወደማይወጡበት ገደል ወጣ።

አንድ ትራክተር በገደል ላይ የሚሠራውን ሥራ ልብ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል፤ ጉዳቱ ከዛፉ መቆረጥ ይልቅ እዚህ ላይ ነውና። መጀመሪያ ለጭነት መኪና የሚሆን መንገድ በተራራው ወገብ ላይ ይቆርጣል፤ የተቆረጠውንም አፈር ወደ ቁልቁለቱ ይገፋዋል። መንገዱ ጅረት ሲያቋርጥ ጅረቱን በአፈርና በግንድ ይደፍናል፤ ቢበዛ አንድ ቱቦ ይቀብርበታል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ግንድ መጎተቻ የሚሆን መተላለፊያ ይጠርጋል፤ እነዚህም መተላለፊያዎች ከላይ ሲታዩ እንደ ዛፍ ሥር ተራራውን ይሞሉታል። የድሮው ቆራጭ በቅርንጫፍ ያነጥፍ የነበረውን የዛፍ መኝታ ትራክተሩ አፈሩን እየዛቀ በአንድ ሰዓት ይከምራል። ዛፎቹ ሁሉ ከተወሰዱ በኋላ ሥሩ ያልያዘው፣ ጥላ የሌለው፣ በሰንሰለት ክብደት የተጨፈለቀ መሬት ይቀራል። በዚያ አገር ደግሞ ድንጋዩ ልል ነው፤ ዝናቡ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው በክረምት ወራት በአንድነት ይወርዳል። ውሃው በየመተላለፊያው ቦይ ያገኛል፤ ቱቦው በጭራሮ ሲታፈን መንገዱን ያፈርሳል፤ አፈሩ ሁሉ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

በደኑ ላይ የደረሰውን ሁሉ በሞተር ማሳበብ ግን ፍርድ አይሆንም። ሞተሩን የሚነዳው ሰው ነው፤ ሰውየውን የሚነዳው ሒሳቡ ነው፤ ሒሳቡን ከሠሩት አንዱ የግብር ሕጉ ነበረ። በካሊፎርኒያ የቆመ ዛፍ እንደ ማናቸውም ንብረት በየዓመቱ ግብር ይከፈልበት ነበር። በ1926 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ፣ በመሬቱ ላይ ካለው ለአቅመ ቆረጣ ከደረሰ ዛፍ 70 በመቶውን የቆረጠ ሰው በቀረው ላይ ግብር እንዳይከፍል ተደነገገ። ሐሳቡ አዲስ ችግኝ የሚያሳድገውን ሰው ለመርዳት ነበር፤ ለክፋት የታሰበ አይደለም። ፍሬው ግን ሌላ ሆነ፤ ዛፉን ያቆመ ባለቤት በየዓመቱ ሲከፍል፣ የጣለው ይማር ጀመር። ከ100 ዛፍ 20ውን ቆርጦ የቀረውን ለልጆቹ ማቆየት የሚፈልግ ባለመሬት ከመንግሥት መዝገብ ጋር ይጣላ ነበር። ይህ ሕግ እስኪለወጥ፣ ማለት ግብሩ በቆመው ላይ ቀርቶ በተቆረጠው ላይ ብቻ እስኪሆን፣ እስከ 1976 ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ።

ዕዳም እንደ ግብር ይነዳል። ፓሲፊክ ላምበር የተባለው የእንጨት ኩባንያ በአያሌ ዓመታት ከጫካው እየመረጠ በመቁረጥ፣ ለሠራተኞቹም ከተማ በመሥራት የተመሰገነ ነበር። በ1985 የቴክሳስ ከበርቴዎች በብድር ገንዘብ ኩባንያውን በገዙት ጊዜ የብድሩን ወለድ ለመክፈል የዓመቱ ቆረጣ በእጥፍ ያህል ጨመረ። ከብዙ ክርክርና ከብዙ ሰልፍ በኋላ በ1999 የፌዴራሉና የካሊፎርኒያ መንግሥት ሄድዎተርስ የተባለውን ያልተነካ ደን፣ 3,000 ሔክታር ያህሉን፣ በ380 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው አዳኑ። ኩባንያው ግን በ2007 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። በቀስታ ይቆረጥ የነበረው ደን ከባለዕዳዎቹ ይልቅ ዕድሜ ይሰጠው ነበር።

ከዚሁ ኩባንያ መሬት ላይ ነበር ቀደም ብሎ በ1931 አንድ ታላቅ ግዢ የተፈጸመው። ቀይ ጥድን ለማዳን በ1918 የተቋቋመው ማኅበር፣ ባለጸጋው ጆን ሮክፌለር ታናሹ በሰጡት 2 ሚሊዮን ዶላርና የካሊፎርኒያ መንግሥት በጨመረው ገንዘብ፣ በቡል ክሪክ ወንዝ ዳር ያለውን ሜዳማ ደን ገዛ። በዚያ ሜዳ ላይ የቆሙት ዛፎች በውበታቸው ወደር የላቸውም ተብሎ ስለ ነበር፣ ገዢዎቹ ከውሃው ዳር ያለውን ደን በመግዛታቸው ሥራቸውን የፈጸሙ መሰላቸው። ከወንዙ በላይ ያለው ተራራ በግል ባለመሬቶች እጅ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ትራክተሩ ወደዚያ ተራራ ወጣ፤ ከቆረጣው በኋላም የተረፈውን እሳት በላው። በታኅሣሥ 1955 ከባድ ዝናብ ወረደ። የተራራው አፈር፣ ጠጠርና የተተወ ግንድ በአንድነት ወደ ሸለቆው ተናደ፤ ወንዙ አልጋው ሲሞላበት ወደ ጎን ተስፋፍቶ የዛፎቹን እግር ፈለፈለ። ምሳር እንዳይነካቸው በሚሊዮን ዶላር የተገዙት ጥንታውያን ዛፎች በመቶ እየተቆጠሩ ወደቁ። ማኅበሩና መንግሥት ያን ጊዜ የተራቆተውን ተራራ ለመግዛት እንደ ገና ገንዘብ ፍለጋ ጀመሩ።

ይህ የተፈጸመው በዐደባባይ ነው። ባለሥልጣኖች አይተውታል፤ ጋዜጦች ጽፈውታል። ስለዚህ ከዚያ ወደ ሰሜን በሬድውድ ክሪክ ወንዝ የሆነው እጅግ ያስደንቃል።

በ1963 የናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ባልደረባ የሆኑ አንድ የተፈጥሮ ሊቅ በዚያ ወንዝ ዳር 112 ሜትር የሚረዝም ዛፍ ለኩ፤ በዚያን ጊዜ በዓለም የታወቀው ረጅሙ ዛፍ ይኸው ሆነ። መሬቱ የእንጨት ኩባንያ መሬት ነበረ። ክርክሩ እስከ ዋሽንግተን ደረሰና ጥቅምት 2 ቀን 1968 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሬድውድ ብሔራዊ ፓርክን ሕግ ፈረሙ። ፓርኩ ቀድሞ የተከለሉትን ሦስት ደኖች ጨምሮ 23,500 ሔክታር ያህል ነበር። ወደ ረጅሞቹ ዛፎች የሚወስደው የፓርኩ ክፍል ግን ከወንዙ ግራና ቀኝ 400 ሜትር ያህል ብቻ የተለካ ቀጭን ቁራጭ ነበር። በካርታ ላይ ሲታይ ተጠማዝዞ ስለሚሄድ ሰዎች ‹ትሉ› ብለው ጠሩት። ወሰኑ የተሰመረው በገንዘብ ልክ ነው እንጂ በውሃ አወራረድ አልነበረም። ወንዙ 700 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ አገር ውሃ ይሰበስባል፤ ከዚህም አብዛኛው ከፓርኩ ወሰን ውጭ ነበረ።

የሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ኩባንያዎቹ ከፓርኩ በላይና በፓርኩ ጎን ባለው መሬታቸው ላይ መቁረጣቸውን ቀጠሉ፤ መሬቱ የራሳቸው ነበርና በሕግ የሚከለክላቸው አልነበረም። እንዲያውም ነገ መንግሥት ይወስደው ይሆናል የሚል ፍርሃት ስላደረባቸው ተቻኮሉ ይባላል፤ ነጋዴ ለሆነ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። በ1964ቱ ታላቅ ጎርፍ የጀመረው ደለል በ1972ና በ1975 ጎርፎች እየተጨመረበት የወንዙን አልጋ ከፍ አደረገው። የወንዙ አልጋ ሲነሣ ከመሬት በታች ያለውም ውሃ ይነሣል፤ የረጃጅሞቹ ዛፎች ሥር በውሃ ውስጥ እንዳይታፈን፣ ዳርቻውም ተንዶ ዛፎቹ እንዳይወድቁ ተሰጋ። እንቁላሉን በንጹሕ ጠጠር ላይ የሚጥለው የሳልሞን ዓሣም ጠጠሩ በጭቃ ተሸፈነበት።

ፓርኩ ይስፋ የሚለው ሐሳብ በተነሣ ጊዜ በጣም የተቃወሙት ሠራተኞቹ ነበሩ። በግንቦት 1977 የግንድ መኪናዎቻቸውን አሰልፈው ከካሊፎርኒያ እስከ ዋሽንግተን አገር አቋርጠው ሄዱ፤ ለፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ስጦታ ይሆን ዘንድም ከቀይ ጥድ ግንድ የተጠረበ፣ 9 ቶን የሚመዝን ኦቾሎኒ ጫኑ። ፕሬዚዳንቱ ኦቾሎኒ ገበሬ ነበሩና፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ኦቾሎኒ ማለት ኢምንት ነገር ማለት ነውና፣ ለእናንተ ኢምንት የሆነው ለእኛ እንጀራችን ነው የሚል ቅኔ ነበረው። ቤተ መንግሥቱ ስጦታውን አልተቀበለም፤ ኦቾሎኒውም ተመልሶ በኦሪክ መንደር በመንገድ ዳር ለብዙ ዓመታት ቆመ። የሠራተኞቹ ቅሬታ በቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። ቢሆንም የእንጨት መሰንጠቂያዎቹ የተዘጉት በፓርኩ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ አሮጌው ደን ራሱ እያለቀ ነበር፤ አዳዲሶቹም ማሽኖች የአሥሩን ሰው ሥራ ለሁለትና ለሦስት ሰው ማድረግ ጀምረው ነበር።

መጋቢት 27 ቀን 1978 ፕሬዚዳንት ካርተር ፓርኩን በ19,400 ሔክታር ያህል የሚያሰፋውን ሕግ ፈረሙ። ከተጨመረው መሬት አብዛኛው አስቀድሞ ተቆርጦ ያለቀ ነበር፤ መንግሥት የገዛው ጉቶና መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ለካሳውም በመጀመሪያው ጊዜ ከተከፈለው በብዙ የበለጠ ገንዘብ ወጣ። ያው ሕግ ሥራቸውን ላጡት ሠራተኞች ገንዘብ እንዲከፈላቸው አዘዘ፤ የተጎዳውን ተራራ ለመጠገን 33 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ከፓርኩ በላይ ባለው 12,000 ሔክታር የግል መሬት ላይ የሚደረገውንም ቆረጣ መንግሥት እንዲከታተል አደረገ።

ጥገናው በማን እጅ እንደ ተሠራ ሲታይ ነገሩ ይገርማል። ያንኑ አባ ጨጓሬ መልሰው ወደ ገደሉ አወጡት። ትራክተሩና የመሬት መቆፈሪያው ማሽን በየጅረቱ የተደፈነውን አፈር እየዛቁ አወጡ፤ ወደ ቁልቁለት የተገፋውን አፈር ወደ ላይ መልሰው በመንገዱ ቦታ ላይ አስተኙት፤ ውሃውም በጥንቱ መሄጃው እንዲሄድ አደረጉ። ከሾፌሮቹ መካከል ቀድሞ በእንጨት ቆረጣ የሠሩ ነበሩባቸው። አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ማጥፋት አንድ ኪሎ ሜትር ከማውጣት ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ ሥራው ከ40 ዓመት በኋላም አላለቀም።

የቀይ ጥድ አንድ መልካም ጠባይ ከተቆረጠ ጉቶ እንደ ገና ማቆጥቆጡ ነው። ስለዚህ ተራራው ራቁቱን አልቀረም። ነገር ግን በአንድ ጊዜ የበቀለው አዲሱ ደን እጅግ የተጨናነቀ፣ ቀጫጭንና ጨለማ ሆነ፤ ስለዚህም አሁን የደን ባለሙያዎች እየመረጡ ያሳሱታል። ያልተነካው ጥንታዊ ደን ግን በጠቅላላው ከመጀመሪያው ከመቶው አምስት እጅ ያህል ብቻ ቀርቷል።

ከዚህ ጥቂት ቅሪት ውስጥ በ2006 ሁለት የዛፍ ፈላጊዎች ከ115 ሜትር የሚበልጥ ዛፍ አገኙ። ሃይፒሪየን የተባለው ይህ ዛፍ ዛሬ በዓለም የታወቀው ረጅሙ ነው። የቆመው በ1978 በተጨመረው መሬት ላይ ሲሆን፣ ከአጠገቡ ያለው ደን ተቆርጧል። ጎብኚ ሥሩን እየረገጠ ስላስቸገረ በ2022 ወደ ዛፉ መቅረብ ተከለከለ፤ የተላለፈ ሰው እስከ 5,000 ዶላር መቀጮና እስከ 6 ወር እስራት ይጠብቀዋል።

በኦሪክ አጠገብ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ከተራሮቹ የወረደው ግንድ የሚሰነጠቅበት ሰፊ ቦታ ነበር። ማኅበሩ በ2013 ቦታውን ገዛ፤ በግንድ መከመሪያው ላይ የተነጠፈው አስፋልት ተነሣ፤ ከሬድውድ ክሪክ ገባሮች አንዱ የሆነው ጅረትም አዲስ መሄጃ ተቆፈረለት። በ2024 ቦታው፣ 50 ሔክታር ያህል፣ ለዩሮክ ሕዝብ እንዲመለስ ስምምነት ተፈረመ። አስፋልቱ በተነሣበት ኩሬ ውስጥ የሳልሞን ጫጩቶች በሺህ እየተቆጠሩ ተገኝተዋል።